ጎንበስ ብለው ያላዩት እንቁላል

ጀርመን፣ ከዛሌ ወንዝ ዳር፣ ሚያዝያ 1876

ውድ ሄድቪግ፣

እዚህ ሕዋስ ከሕዋስ እንዳይወለድ በዐዋጅ ተከልክሏል። ክቡር ፕሮፌሰር ፎልራት ሕዋስ ከፈሳሽ ውስጥ እንደ ስኳር ረግቶ ይወጣል እያሉ ሠላሳ ዓመት አስተምረዋል። እኔን የቀጠሩኝም ለመጽሐፋቸው ይህንኑ እንድስልላቸው ነው።

ሐሙስ ዕለት አንድ የእንቁራሪት እንቁላል በአጉሊ መነጽር ከጧት እስከ ቀትር ስመለከት ዋልኩ። አንድ ሕዋስ የነበረው እንቁላል ወገቡ ላይ ሰርጉዶ ሁለት ሆነ፤ ሁለቱም አራት። እንዳየሁት ሳልኩት።

"ወይዘሪት፣ ያስተማርኩትን አስፍሪ ተባልሽ እንጂ ያየሽውን ማን ጠየቀሽ?" አሉኝ ፕሮፌሰሩ ሥዕሉን አይተው።

"አንዴ ጎንበስ ብለው ይዩት፣ ጌታዬ።"

"እኔ ለእንቁራሪት አልጎነበስም።"

እንቁራሪቶቹን የሚይዙላቸው ሽማግሌው አቶ ኩነርት በሩ ጋ ቆመው፣ "ተይው ልጄ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስይዝላቸው አንዱንም አላዩ። እኔንም የሚያዩኝ ወለሉን በጭቃ ሳቆሽሽ ነው" ብለው አንሾካሾኩልኝ።

አባትሽ እንኳ ሊጡ ኩፍ አለ ብለው ከመማላቸው በፊት ክዳኑን ገልጠው ያያሉ። እሳቸው ግን ዳቦ ጋጋሪ እንጂ ፕሮፌሰር አይደሉም።

"እስከ ሰኞ ሥዕሉን ካላስተካከልሽ ተሰናብተሻል" ተባልኩ። እኔም አስተካከልኩት፤ ሕዋሱን ለሁለት የሚከፍለው መስመር ፈዞ ነበር፣ አደመቅኩት። ከሥሩም ስሜን በጉልህ ጽፌ ዛሬ አስረከብኩ።

የፖስታ ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ነገ በቀትሩ ባቡር ከተማችን እገባለሁ። እናትሽንና አባትሽን ሳሚልኝ። ጤናዬን ለሚጠይቁሽ ሁሉ፣ ሥራ የላትም፣ ዓይኗ ግን ደህና ነው በያቸው።

ኦቲሊ