ቤዝመንት ውስጥ የሠራሁት መጠለያ

ኢስትሙር፣ ሐሙስ ግንቦት 12 ቀን 2013

ዛሬ ከሰዓት የቶርኔዶ አውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኸ። ባለቤቴ ግርማ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ "ኦቤትስ የሚኖረው ወንድሜ ጋ እንሂድ" አለ። በእህቴ እርዳታ ከቤታችን ሥር ቤዝመንት ውስጥ በብሎኬት የሠራሁትን መጠለያ "መቃብር" እያለ ሲቀልድበት ነው የከረመው። ገና ሳንወጣ በሩ ተንኳኳ። ቤዝመንት የሌላቸው ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ናቸው።

"ልጄ፣ አንቺ ጋ ልጠለል ብዬ ነው" አሉኝ።

ግርማ ቁልፉን አስቀምጦ ደግፎ ወደ መጠለያው አወረዳቸው። ነፋሱ ከላያችን ሲያጓራ ግድግዳዬ ንቅንቅ አላለም። ስንወጣ፣ ልንሄድበት የነበረውን መንገድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ዘግቶታል።

ማታ ግርማ ለወንድሙ ኮል አድርጎ "ሌላ ጊዜ እናንተ እኛ ጋ ኑ፤ ሚስቴ የሠራችው መጠለያ አለን" ሲል ሰማሁት። ለእኔ ግን እስካሁን ምንም አላለኝም። ይሁን፣ ሰምቼዋለሁ።