ከከንፈሬ ሥር ያለችው ቁስል

ኅዳር 9 ቀን 1988
ለአዲሱ ክልል ቢሮዎች የታዘዙትን ጠረጴዛዎች አስረከብኩ። ኃላፊው ወጣት ነው። "ጋሽ ደባልቄ፣ አናጢነት የት ተማሩ?" አለኝ። የሰው አሮጌ ጠረጴዛ ፈትቼ፣ መልሼ እየገጠምኩ… አልነገርኩትም። አፌ ውስጥ ምስማር ይዤ ነበር።
ከታችኛው ከንፈሬ ሥር፣ ከውስጥ በኩል ትንሽ ቁስል አለች። ምስማር ወግቶኝ ይሆናል። አታምም።

ኅዳር 21
አልዳነችም። ባለቤቴ ሸዋሉል ስበላ ታየኛለች።
"አንተ ሰውዬ፣ በአንድ ጎን ማኘክ ጀመርክ?"
"እንደ ፈለግሁ አኝካለሁ።"
አብራኝ አርጅታ አሁን ማኘክ ልታስተምረኝ…
በርበሬ ሲነካት ታቃጥላለች። ትምባሆ ሳደርግባት ግን ጸጥ ትላለች። ትምባሆ ነጋዴው ኻሚስ ከሱዳን ጠረፍ፣ ከኩርሙክ የሚያመጣው ኃይለኛ ነው። ቆንጥሬ ልክ ቁስሏ ላይ፣ ከንፈሬ ሥር ወሸቅሁት። ደነዘዘ። መድኃኒቱ እጄ ላይ እያለ ምን ፍለጋ እዞራለሁ?

ታኅሣሥ 6
ሆስፒታል ዋልኩ። ለመታከም አይደለም፣ በር ልሰቅል። ምስማር ከአፌ ሳወጣ ዶክተሩ አጠገቤ ቆሟል። ቀናው ይባላል፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው።
"አባት፣ ምስማሩ ላይ ደም አለ።"
"ዝገት ነው።"
"ዝገት እርጥብ አይደለም። እስቲ ከንፈርዎን ልየው።"
"በሩን ልስቀል ወይስ ከንፈሬን ላሳይህ?"
ሳቀ። አልሄደም ግን። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀኝ። ወር ገደማ አልኩት። ሳቁ ጠፋ። አፍ ውስጥ ያለ ቁስል በሦስት ሳምንት ካልዳነ ዝም አይባልም አለ። ሴት ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች፣ ሰው ድምፁ ጎርንኖ ከቀረ፣ ያለ ምክንያት ከከሳ… "መጀመሪያ ስለማያም ነው ሰው የሚዘናጋው። ካንሰር…"
በሩን ዘግቼ ሞከርኩት። ልክ ገጠመ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 7
ካንሰር። ለመጻፍ ለምን እጄ ከበደኝ? ቃል ነው።

ታኅሣሥ 10
ገበያ ወረድኩ። ኻሚስ ከትምባሆ ጆንያው ኋላ ተቀምጧል።
"ያ ደባልቄ! ፊትህ ምን ሆነች? ሚስት አባረረህ?"
"ይሄ ነገርህ አፍ ያቆስላል?"
"ወላሂ አያቆስልም። አባቴ ይይዛል ነበር፣ አያቴ ይይዛል ነበር። ማን ሞተ?"
"አባትህ በምን ሞተ?"
ጆንያውን ሲያስተካክል ቆየ። "ጥርስ" አለ። "አገጭ አበጠች። ጥርስ ነው አሉ፣ ነቀሉ። ሌላ ነቀሉ… ኸላስ፣ በቃ፣ የድሮ ነገር ነው።"
 ትምባሆ ሳልገዛ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 11
በምላሴ እነካታለሁ። ሥራ ላይ፣ መንገድ ላይ… ጠርዟ ደንድኗል። ትናንትም እንዲህ ነበረች? ከአገጬ ሥር በጣቴ ስፈልግ የሆነ ነገር አገኘሁ። ድሮም የነበረ ነው? የገዛ አገጬን አላውቀውም ማለት ነው?

ታኅሣሥ 13
ሸዋሉልን "እይልኝ" አልኳት። ወደ በሩ፣ ብርሃን ወዳለበት ወሰደችኝ።
"ጠርዙ ነጭ ነው። መሀሉ ቀይ። ከመቼ ወዲህ ነው?"
"ከኅዳር።"
አልተቆጣችም። ነጠላዋን አነሳች።
"ነገ እሄዳለሁ" አልኩ።
"ደባልቄ፣ ተነስ።"
በስሜ ከጠራችኝ ስንት ዘመኑ… ተነሣሁ።

ታኅሣሥ 14
ትናንት ቀናው አደንዝዞ ከቁስሏ ቆንጥሮ ወሰደ። አዲስ አበባ ተልኮ ይመረመራል። ከአገጬ ሥር ያገኘሁት ክፉ አይመስልም አለ። "አይመስልም" ምን ማለት ነው?
"ትምባሆውን ይተዉ።"
"ውጤቱ ሳይመጣ?"
"ውጤቱ ምንም ቢሆን።"
ስከራከረው ከንፈሬ ደንዝዞ ምራቄ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ሸዋሉል ጠረገችልኝ። ዶክተሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረልኝ። ጨዋ ነው።

ጥር 19
ውጤቱ አልመጣም። ዛሬ አንዱን የጠረጴዛ እግር አሳጥሬ ቆረጥኩ። እኔ።

የካቲት 2
መጣ። ነው።
ቀናው ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ትንሽ ናት፣ ወደ አንገት አልወረደችም፣ አሁን ተቆርጣ ከወጣች ተስፋ አለ። ብዘገይ ኖሮስ አልኩት። ወደ አዲስ አበባ የሚልከኝን ወረቀት መጻፍ ጀመረ።
ከነገ ወዲያ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ። ሸዋሉልን አትምጪ አልኳት። የሰማችም አልመሰለች፣ ስንቅ ትቋጥራለች። ብትቀርብኝ ምን ይውጠኝ ነበር?

ሚያዝያ 23
ከተመለስን ሰነበትን። የታችኛው ከንፈሬ ግማሽ የለም። ሾርባ ስጠጣ በጎን ይፈስሳል፣ ስናገር ሰው ሁለቴ ይጠይቀኛል። ቀናው አንገቴን ዳሰሰ፣ ንጹሕ ነው አለ። በየጊዜው ይታያል። እስከሚቀጥለው ድረስ እፈራለሁ፣ ከዚያ እንደገና… ይኸው ነው እንግዲህ ኑሮዬ።
ዛሬ ጠዋት ኻሚስ መጣ። ከተመለስኩ ጀምሮ ሸሽቶኝ ነበር። አልተቀመጠም።
"ሚስት የት ነው?"
"ገበያ።"
ወደ አጥሩ፣ ወደ መንገዱ አየ። ከዚያ የታችኛውን ከንፈሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ገለበጠልኝ። ትምባሆው በሚያርፍበት ቦታ፣ ልክ እዚያው ላይ፣ ነጭ ነው።
"አያምም" አለ ቶሎ ብሎ። "ወላሂ፣ ምንም አያምም።"
ጫማዬን አጠለቅሁ። "እንሂድ፣ ቀናው ጋ" አልኩት።