በር የዘጋሁባት ሴት

ሳልቶ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ለተከበሩ እናቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የጉልበትዎ ሕመም ተሻለዎ? ዘንድሮ የቦነስ አይረስ ብርድ አጥንት ይሰብራል ሲሉ ሰምቼ አስቤዎት ነበር። እኔ ደህና ነኝ። አክስቴም ደህና ናት፤ የማቴ ሻይዋን ይዛ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ታማለች። ሰላም በይልኝ ብላለች።

ዝም ብዬ ከርሜ ዛሬ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። ተናድጄ ነው። እዚህ ደግሞ ብናገር የሚሰማኝ የለም፤ ያናደዱኝን ሴት ሁሉም ይወዷቸዋል።

የምሠራበትን የሕፃናት ማሳደጊያ በስልክ ነግሬዎታለሁ። ከቤተሰባቸው የተለዩ ልጆች ናቸው። ማን ወደ ቤቱ ይመለስ፣ ለማን ሌላ ቤተሰብ ይፈለግ የሚለውን ለዳኛዋ የምጽፈው እኔ ነኝ። የቀድሞው ሱፐርቫይዘራችን ሸክም የማያበዛ ሰው ነበር፤ ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። አሁን ግን ከሞንቴቪዴዎ ዶኛ ኤልቢያ የሚባሉ አሮጊት ተላኩልን። እሳቸው በር ዘግተው አንድ ሰዓት ሙሉ ያስቀምጡኛል። እኔ ስለ ልጆቹ አወራለሁ፣ እሳቸው ስለ እኔ ይጠይቃሉ። «አንቺስ ልጄ? እዚህ ላይ አንቺ ምን ተሰማሽ?» ጥርስ መነቀል ይሻለኛል! ቪልማር የሚባል ባልደረባዬ ስወጣ ጠብቆ፣ «ንስሐሽን ጨረስሽ?» እያለ ይስቅብኛል።

የዚህ ሁሉ መነሻ ዙልማ የምትባል ሴት ናት። አሮጊት በደመወዝ ልታስታምም ወንዙን ተሻግራ እርስዎ ወዳሉበት አገር ስትሄድ ልጇን ሚካኤላን ጎረቤት ዘንድ ተወቻት። ጎረቤቷ ስትታመም ልጅቷ እኛ ዘንድ መጣች። አሁን ዙልማ ተመልሳ ልጄን ስጡኝ ትላለች። በየእሑዱ ብስኩት ይዛ ልትጠይቃት ትመጣለች። አንድ እሑድ አርፍዳ ደረሰች፤ አውቶቡሱ ተበላሸብኝ አለች። ሰዓቱ አልፏል አልኩና በር ዘጋሁባት። ልጅቷ በመስኮት ታይ ነበር።

ለዳኛዋ የሚላከውን ሪፖርትም «ሌላ ቤተሰብ ይፈለግላት» ብዬ አረቀቅሁት። ዶኛ ኤልቢያ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «የዚያ የሌላው ልጅ ሰካራም አባት ቀጠሮ እያፈረሰ ሲያንገላታሽ ክረምቱን ሙሉ ታገስሽው። ይቺ ግማሽ ሰዓት ብታረፍድ በር ዘጋሽባት። ምን አድርጋሽ ነው?» አሉኝ።

«እኔን ምን ታደርገኛለች! ልጅ ዕቃ ነው እንዴ፣ ሰው ዘንድ በአደራ የሚቀመጥ?» አልኳቸው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ይሄን ለማን ነው የምትዪው?» አሉ ቀስ ብለው።

ተነሥቼ ልወጣ ነበር። እሳቸው ቁጣ የሚባል አያውቁም፤ እሱም ያበሽቃል። «ከከበደሽ ጉዳዩን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ፤ ነውር የለውም። ከያዝሽው ደግሞ አብሬሽ እይዘዋለሁ። ግን ሴትዮዋን ስለሄደችበት ቀን ጠይቂያት። ሁሉንም ጠይቀሻታል፣ እሱን አልጠየቅሻትም» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ ትክክል ሲሆኑማ ጭራሽ አይቻሉም።

በተከታዩ እሑድ ፊቴን አጨማድጄ ጠየቅኋት። ዶኛ ኤልቢያ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ዙልማ መዳፏን ጭኗ ላይ ስታሻሽ ቆየችና፣ «ተኝታ ሳለች ነው የወጣሁት እመቤቴ። ብትነቃ እግሬ እምቢ ይለኝ ነበር። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ወደ ጓሮ ወጥቼ ታጥበው የተሰጡት አንሶላዎች መሐል ቆምኩ። ዶኛ ኤልቢያ ተከትለውኝ መጡ። ያን ቀን ብቻ ምንም አልጠየቁኝም። መሐረባቸውን ሰጡኝ፣ እስክረጋጋ ቆሙ፤ ከዚያ «በይ ግቢ፤ ሴትዮዋ ብቻዋን ናት» አሉኝ።

ገባሁ። ልጅቷንም ለብቻዋ አነጋገርኳት፤ እናቷን ትፈልጋለች። ሪፖርቱን እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ዳኛዋም ቀስ በቀስ እንድትመለስ ፈቀደች። ሚካኤላ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ዘንድ ታድራለች። የመጀመሪያ ቀን ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ምነው አልተኛሽም እንዴ ስላት፣ «እንዳትሄድ እየጠበቅኋት» አለችኝ። ዙልማ ይህን ስትሰማ ያለቀሰችውን ለቅሶ አልነግርዎትም። እውነቱን ልናገርና አሁንም ታናድደኛለች። ግን በር አልዘጋባትም።

ዶኛ ኤልቢያ ይህን ደብዳቤ ጻፊ አላሉኝም። ቢሉኝማ እልህ ይዞኝ እተወው ነበር።

እናቴ፣ የሄድሽበትን ቀን ሳነሣ አክስቴ እስከ ዛሬ «አንቺ ምን አየሽ፣ እንቅልፍ ላይ ነበርሽ» ትለኛለች። አንቺም እንደዚያ ሳታስቢ አትቀሪም። አልተኛሁም ነበር። ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ ስታለብሺኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ዓይኔን ብገልጥም ትሄጃለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።

እግዜር ከክፉ ይሰውርሽ፤ ያለሽበትን ቤት ሰላም ያድርገው።

ልጅሽ