ቀዳዳችን ውስጥ ያየኋት

ውድ ምዋቱሙ፣

«ውድ» ያልኩሽ የጎልማሶች ትምህርት መምህራችን ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ስላለችን ነው። ዳሬሰላም ከገባሽ ወዲህ በሰው እጅ ሳስጽፍልሽ፣ ጸሐፊው ንዴቴን እያለሳለሰ «እናትሽ ናፍቃሻለች» ብቻ ይልልኝ ነበር። ይኼኛውን ራሴ ነኝ የምጽፈው። ንዴቱም እንዳለ ነው፤ ግን የምነግርሽ ጉድ አለና እሱን ላስቀድም።

ዘንድሮም ኦክቶፐሶቹ እንዲያድጉ የባሕሩ አለት ለአደን ተዘጋ። እኛ ሴቶች የማደኛ ዱላችንን ሰቅለን ስንቀመጥ፣ የባሕር ዳሩ ሎጅ እንግዶች ግን በየቀኑ ይጠልቃሉ። ማየት ብቻ ነው አሉ። ማን ያምናቸዋል? እናቴ ለእኔ፣ እኔ ለአንቺ ያሳየሁት የኦክቶፐስ ቀዳዳ ያለው እዚያ ነው። ሄጄ ማካሜን ያዝኩት፤ ያ ማንጎአችንን ሲሰርቅ ያደገው፣ አሁን ጢም አብቅሎ እንግዳ የሚያስጠልቀው።

«ቀዳዳዬን እየነካካችሁት ነው» አልኩት።

«ማን ይነካዋል እማማ ዙወና? ይምጡና ራስዎ ይዩት።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ዓሣ ዕድሜ አይጠይቅም። ቁጣዎን ግን ጀልባው ላይ ይተዉት፤ ከብዶ ያሰምጥዎታል።»

ከነቀሚሴ ገባሁ። አንዲት እንግዳ የራሷን የመጥለቂያ መነጽር አደረገችልኝ። ፊቴን ውሃው ውስጥ ስከት፣ ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስረግጠው የኖርኩት ለካ ጣሪያውን ብቻ ነው። ከሥሬ ቢጫ ዓሣዎች እንደ ሠርገኛ ተግተልትለው ያልፋሉ። አንዲት ኤሊ የባሕር ሣር እያኘከች፣ ልክ እንደ ጎረቤታችን እንደ ቢ ታቱ በንቀት አየችኝ። ስስቅ ውሃ ዋጥኩ። ማካሜ ቀና አደረገኝ።

«በቃዎት?»

«ዝም በልና ወደ ውሃው መልሰኝ።»

ቀዳዳችን ላይ ስንደርስ መብራት አበራልኝ። አንዲት ኦክቶፐስ ውስጡ አለች። ደጇን በድንጋይ ዘግታ ተቀምጣለች። ከበላይዋ ሩዝ የመሰሉ እንቁላሎች በዘለላ ተንጠልጥለዋል። ዱላዬ ላይ ተጣብቆ ሲወጣ የባሕር ሣር ነው ብዬ የማራግፈው ነገር እሱ ነበር። እሷ ሁሉንም በየተራ ትዳስሳለች፤ ውሃ እፍ ትልባቸዋለች።

«እስኪፈለፈሉ ምግብ አትቀምስም፤ ከዚያ ትሞታለች» አለኝ ማካሜ።

አለቱ የሚከፈተው ደግሞ በማግስቱ ነበር።

ባሕሩ ሸሽቶ የአለቱን መከፈት የሚያበስረው ዛጎል ሲነፋ ሴቱ ሁሉ ዱላውን ይዞ ሮጠ። ጉልበቴን ረስቼ ቀድሜያቸው ደረስኩና ቀዳዳው አፍ ላይ ቆምኩ። ቢ ታቱ እያለከለከች መጣች።

«አውጪያት እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?»

«የለችም።»

«ከሌለች ዞር በይልኛ።»

«አልዞርም።»

«አንድ ቀን ሎጅ ዋለችና ፈረንጅ ሆነችላችሁ» ብላ ሴቱን ሁሉ አሳቀችብኝ።

ውሃው ተመልሶ ወገቤ እስኪደርስ ቆምኩ። ባዶ ቅርጫቴን ይዤ ስመለስ በዘፈን ሸኙኝ። ማታ ቢ ታቱ በኮኮናት የሠራችውን ኦክቶፐስ ይዛልኝ መጣች። ያኔ እውነቱን ነገርኳት። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና «እንቁላል የታቀፈችው እሷ ናት፤ አንቺ ብዪ» አለችኝ። ጥርግ አድርጌ በላሁ። ከዚያ በኋላ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ሁለታችንም ቆመን ጠበቅናት።

ትናንት እንደገና ጠለቅኩ። ተፈልፍለዋል። እንደ አቧራ የደቀቁ፣ ግን ዓይን ያላቸው፣ እየተሽቀዳደሙ በፊቴ አለፉ። ደስታዬን በምን ቃል ልጻፍልሽ? ፊደሉ አልበቃኝም። አንዱም ግን ዞሮ እናቱን አላየም። ይኼን ለምን እንደምጽፍልሽ ታውቂዋለሽ።

እሷ ሞታለች። እኔ እበላለሁ፤ ቶሎም አልሞትልሽም። ስለዚህ ጊዜ አለሽ። ያቺ እንግዳ መነጽሯን ትታልኝ ሄዳለች፤ በተራ እናደርገዋለን። አለቱ አሁን ተዘግቷል፤ እንደገና ከመከፈቱ በፊት ነይ። ካልመጣሽ ቀዳዳውን ለቢ ታቱ እሰጣታለሁ፤ ደጋግማ እየጠየቀችኝ ነው።

በገዛ እጇ የጻፈችልሽ፣
እናትሽ ዙወና