የፋሲካው ዶሮ ሳይታረድ ቀረ

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፣ ለወይዘሮ የዝናሽ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ በብርድ የሚነሣብሽ ሳል ተሻለሽ? ወንድሜ ለገሰስ ሥራ አገኘ? ሐኒ አሁንም ታስቸግርሻለች? እኔ ጌታ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ወባውም ለቆኛል። ሐሳቡ ግን አለቀቀኝም።

እንደምታውቂው፣ ለወንጌል ሥራ የላኩኝ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች «እስከ ሰኔ ሕዝቡ ካልተቀበለሽ ትመለሻለሽ» ብለውኛል። እዚህ ደግሞ ክልሉ አዲስ ነው፤ ሰው ሁሉ «የየት አገር ሰው ነህ?» መባባል ጀምሯል። መንደርተኛው ሙስሊም ነው፤ ለምን እንደመጣሁም ያውቃል። ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ፊደል ሊማሩ ይመጣሉ፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ስገልጥ ግን ብድግ ብለው የሚሄዱ አሉ። ይውደዱኝ ይጥሉኝ በምን ልወቅ? እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር የሚነጋብኝ ጊዜ አለ።

ለፋሲካ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዛሁ። ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ እንቁላሉን ቀቀልኩ። ጉድ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዶሮውን ማን ይረደው? ሴት አታርድም ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺው ነሽ። በመንደሩ ደግሞ አንድም ክርስቲያን ወንድ የለም። እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላ፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉ። አይ እኔ! ይህን ሳላስብ ነው ሽንኩርት ስከትፍ ያደርኩት።

ከአሶሳ ወደ ሸርቆሌ ከሚያልፈው መኪና መቼም አንድ ክርስቲያን ሾፌር አይጠፋም ብዬ፣ ነጠላዬን ለብሼ፣ ቢላዋውን በዘንቢል፣ ዶሮውን በብብቴ ይዤ መንገድ ዳር ቆምኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንድ አይሱዙ መጣና አቧራውን አልብሶኝ አለፈ። በበዓል ቀን ዶሮ ታቅፌ ስቆም አንቺን አሰብኩና እንባዬ መጣ።

ለካ መንደሩ በሙሉ ያየኛል! ዘንቢል ይዤ መኪና ስጠብቅ ጥያቸው ልሄድ መስሏቸዋል። ተማሪዬ ዐዋጢፍ እየሮጠች መጥታ ዘንቢሌን ከእጄ ነጠቀችኝ። ባሏ ኡመርም ተከትሏት ደረሰ። ኡመር ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው። «ማነው ያስከፋህ? ማነው ክፉ የተናገረህ?» ብሎ ተቆጣ። ነገሩን ስነግራቸው ዐዋጢፍ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እኔ ግን እማዬ፣ አትቆጪኝና፣ ቆርጬ «በል አንተው እረድልኝ፤ አብረን እንብላ» አልኩት።

ኡመር እምቢ አለኝ። «እኔ አርጄ አንተ ብትበላ፣ የአንተ ሰዎች ሰለመ ይላሉ። መጥተው ይወስዱሃል። እኛ የምንፈራው እሱን ነው» አለኝ። ወይ ጉድ! ሲጠሉኝ ነው እያልኩ የከረምኩት፣ ለካ እንዳልወሰድ ይሰጋሉ። ዶሮዬን ይዤ ተመለስኩ።

ፋሲካን በገንፎና ባሚያ በሚሉት አትክልት ወጥ ዋልኩ፤ ገንፎውን ያመጡት እነሱ ናቸው። እንቁላሉን ካቁላላሁት ሽንኩርት ጋር አብረን በላነው። ቤቴ መቀመጫ ጠፍቶ ልጆቹ ደጃፍ ላይ ነበሩ።

አሁንም ግን አልተረጋጋሁም። ሽማግሌዎቹ «ስንት ሰው አመነ?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? ቤቴ ሞልቶ ነበር ብላቸው ይበቃቸው ይሆን? በጸሎትሽ አትርሺኝ።

ሐኒን ጉንጯን ሳሚልኝ። እትዬ ሰንበቴን ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። ለገሰን ደግሞ፣ ሥራ ካልያዘ በሞቴ ላኪልኝ። ዶሮው ዐዋጢፍ ጓሮ ታስሮ እየወፈረ ነው፤ ኡመርም በየማለዳው ደጄ እየቆመ «ወንድምህ መቼ ይመጣል?» ይለኛል።

ልጅሽ ትሩፋት
አሶሳ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1988 ዓ.ም.