የአሥራ ሰባት ቁጥር ስም

እኔ፣ ዕድሜዬን ፒዮኒ የተባለውን አበባ በማዳቀል የፈጀሁ ሽማግሌ፣ ዛሬ ግንቦት አሥራ አራት ቀን፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይከዳኝ፣ በመኝታ ቤቴ በተሰበሰቡት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። አእምሮዬ ጤነኛ ለመሆኑ ሐኪሙ መስክሯል፤ ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር ትከራከረው ነበር።

ቤቱ ለልጄ ይሁን። መቀሱና የአበባ ዱቄት እየቀባሁ የማዳቅልበት ብሩሽ ለአትክልተኛዬ ይሁኑ፤ ጫማ እንዳይጠርግበት አደራ፣ ዐውቀዋለሁ።

ለባለቤቴ ወንድም፣ ሁላችን «ችኩሉ» ለምንለው፣ ትዕግሥቴን አውርሼዋለሁ፤ ከእኔ ተርፏል። ይህ ሰው ችግኙ የመጀመሪያዋን አበባ ሲያወጣ ስም ሰጥቶ ወደ አበባ ዝርያዎች መዝገብ ቤት ይሮጣል። ሠላሳ አንድ ዝርያ አስመዝግቧል፤ ዝናብ ሲመጣ ቀና ብሎ የሚቆም አንድም የለውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የእኔ ሕግ ሌላ ነበር፦ አበባ ደጋግሞ ካልፈካ፣ ሥሩ ተከፍሎ በሌላ መደብ ካልተፈተነ፣ ቀድሞ ከተመዘገቡት ካልተለየ፣ ስም አይገባውም። ትክክል ነበርኩ። ትክክል እንደሆንኩ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ጓሮ ያለችው፣ ስም አጥታ በተራ ቁጥሯ የምንጠራት ፒዮኒ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር፣ በፈካች ጊዜ ሁሉ ባለቤቴ «ዘንድሮስ?» ትለኛለች። «አንድ ዓመት ልያት» እላለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብላት፣ «ያንተው እንኳን ሊሄድ ገና አልተፈለፈለም» አለችኝ። በእሷ ስም ላስመዘግባት አስቤ ነበር፤ አልነገርኳትም። ሳትሰማው ሞተች። ይቆጨኛል።

ከቀብሯ በኋላ መዝገብ ቤት ብሄድ ስሟ ተይዟል አሉኝ። ለካ ችኩሉ አንዲት አንገቷን የደፋች አበባ በእህቱ ስም አስመዝግቦ ኖሯል። አበባዋ በሁለተኛው ክረምት ደርቃለች፤ የተመዘገበ ስም ግን ለሌላ አይሰጥም። እስከ ዛሬ ተቀይሜዋለሁ። ሆኖም እሱ ነግሯታል፣ ደስም ብሏት ነበር፤ እንዳይከፋኝ ብላ ነው የደበቀችኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ አሥራ ሰባት ቁጥርን «ዘንድሮስ» ብለሽ አስመዝግቢልኝ። ከእንግዲህ ማንም ዓመት አይጨምርባት።

ምስክሮች፦ ሐኪሙ፤ ጎረቤታችን ጡረተኛዋ መምህርት፤ ችኩሉ (ተነብቦ ሳያልቅ ፈርሟል)።

የኑዛዜው ጸሐፊ ማስታወሻ፦ ተናዛዡ ብዕር ሲሰጣቸው «እስኪ ይደርና ነገ ደግሜ ልየው» አሉ። ልጃቸው ከኑዛዜው ሥር የምዝገባ ቅጹን አውጥታ፣ «አባዬ፣ ዘንድሮስ?» አለቻቸው። ሁለቱንም ፈረሙ።