ሐሳቡ የማን እንደሆነ ለማጣራት

ታኅሣሥ 1

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ከዛሬ ቀትር ጀምሮ ራት ተሰርዟል። ውሳኔው የሳጋይንግ ኮረብታ የቡድሃ ገዳም ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ለምን መጣሁ? በፍቅረኛዬ በዩዋዲ ምክንያት። ባለፈው ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ እናቴ ብትጋቡ ጥሩ ነው እያለች ነው አልኳት። ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሐሳቡ ያንተ ነው የእናትህ? አለችኝ። ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው፤ የሰው ሐሳብ ስቀባ ነው የኖርኩት… የራሴን ማን ጠይቆኝ ያውቃል? አጎቷ ደግሞ ለጥርስ ሐኪም ሊድሯት ነው። የሐኪሙ ሽማግሌዎች ታኅሣሥ 9 ቀን ይመጣሉ። እስከዚያ ገዳም ገብተህ አጣራ ብላ ሰደደችኝ።

ታኅሣሥ 2

ማውራት ክልክል። መጻፍም ክልክል። (ሽንት ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።)

ትምህርቱ ቀላል ነው። ቁጭ ብሎ የሆድን መነፋትና መሟሸሽ መከታተል። ሐሳብ ሲመጣ በልብ «ማሰብ፣ ማሰብ» ማለት። ድምፅ ሲሰማ «መስማት፣ መስማት»። ስሙን ስትጠራው እንደተነቃበት ሌባ ይሄዳል ይላሉ ሳያዶው፣ የገዳሙ አለቃ።

የመጀመሪያው ሐሳብ መጣ፦ የዓሣ ሾርባ። «ማሰብ፣ ማሰብ» አልኩት። ሄደ። ትንሽ ቆይቶ እንቁላል ይዞ ተመለሰ።

ታኅሣሥ 4

ለሳያዶው ያየነውን የምንናገርበት ቀን። ከኔ በፊት ኡ ሶ ፔ፣ ጡረተኛው የባቡር ጣቢያ ኃላፊ፣ ሐሳቦቻቸው በየተራ ሲገቡና በየተራ ሲወጡ ማየታቸውን ተናገሩ። አንድም አልዘገየም አሉ። ከዚህ በኋላ ስለ ሾርባ እንዴት ይወራል? ነጭ፣ ክብ ብርሃን አየሁ አልኩ።

ሳያዶው ትክ ብለው አዩኝ።

«የተቀቀለ ነው?»

…

መሬት መሬት እያየሁ፣ ሐሳብ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል ብዬ ጠየቅኋቸው። ሲገባ በር ላይ ጠብቀህ ያዘው አሉኝ።

ታኅሣሥ 5

እንደ ድመት በር ላይ አደፈጥኩ። ማንም አልመጣም። ዩዋዲም አልመጣችም። ደነገጥኩ… ጭንቅላቴ ባዶ ቤት ነው እንዴ? አንድም ሐሳብ የለኝም ማለት ነው ብዬ ሳስብ… እሱ ራሱ ሐሳብ ነው። በየት ገባ? በጓሮ መሆን አለበት።

ታኅሣሥ 6

መግለጫ። ከብዙ ምርምር በኋላ እንደተረጋገጠው ሐሳብ ሁሉ የሚነሳው ከሆድ ነው። ማስረጃ፦ ሲርበኝ የማስበው ስለ ምግብ ብቻ ነው። ዩዋዲን የማስበው ስጠግብ ነው።

ከሰዓት በኋላ የተጨመረ። መጥፎ ዜና። የጋብቻው ሐሳብ ሲገባ ያዝኩት። ድምፅ አለው። «ልጄ፣ ዕድሜህ እኮ ሄደ…» የእናቴ ነው።

ሌሎቹንም ፈተሽኩ። ሽርጥህ አጭር ነው የሚለው የልብስ ሰፊው። ሰነፍ ነህ የሚለው የአራተኛ ክፍል አስተማሪዬ። የኔ የምለው የጉልበቴን ማሳከክ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ዩዋዲን ልዋሻት? ትነቃብኛለች። እውነቱን ልንገራት? ለጥርስ ሐኪሙ ዳርኳት ማለት ነው…

ታኅሣሥ 8

ዩዋዲ መጣች። በአጎቷ ልደት ምክንያት ቤተሰቡ የገዳሙን ቁርስ ችሎ ነው። የዓሣ ሾርባ። ራሷ ጭልፋ ይዛ እያደለች እኔ ጋ ደረሰች።

«ኮ ኔ» አለች ስሜን በሹክሹክታ ጠርታ፣ «ሽማግሌዎቹ ነገ ይመጣሉ። ሐሳቡ የማን ሆነ?»

አፌን ከፈትኩ።

«መስማት… መስማት…»

ጭልፋው አየር ላይ ቆመ። ይሄን ሁሉ ቀን ከሳያዶው በቀር ማንንም ያላናገሩት ኡ ሶ ፔ አላስቻላቸውም። «ልጄ፣ ትንሽ ዘግይቷል እንጂ መስመር ላይ ነው» አሏት። እሷ ግን ወደሚቀጥለው ሳህን ዞረች።

እጄ ጭልፋዋን ለቀም አደረገ።

«ሐኪሙን አታግቢ።»

ማነው የተናገረው? በሩን አየሁ… ማንም አልገባም። ድምፁን ፈተሽኩ። የእናቴ አይደለም፤ እሷ «ልጄ» ሳትል አትጀምርም።

«ይሄስ የማን ነው?» አለች ዩዋዲ።

«እኔንጃ። ሳላስበው ነው የወጣው።»

«እንግዲያው ያንተ ነው። እናትህ ሳታስብ ተናግራ አታውቅም።»

ሾርባውን ሞላችልኝ። እንቁላሉን ሁለት አደረገችው።

ታኅሣሥ 11፣ ማንዳላይ፣ ቤቴ

የሐኪሙ ሽማግሌዎች ሻይ ጠጥተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ዛሬ እናቴ ሄዳ ጠየቀችልኝ፤ እሺ ተባለ። ከተመለሰች ጀምሮ ሐሳቡ የእሷ እንደነበር ለጎረቤት ሁሉ እያወራች ነው። ምን ልበል? «መስማት፣ መስማት…»

እርማት፦ ታኅሣሥ 6 ቀን «ሐሳብ ሁሉ የሚነሳው ከሆድ ነው» በሚል የወጣው መግለጫ የተሳሳተ ሆኖ ተገኝቷል። ታኅሣሥ 8 ቀን የተመዘገበው ንግግር ሲወጣ ሆድ ባዶ ነበር፤ ሾርባውም ገና ጭልፋው ላይ ነበር። ትክክለኛው መነሻ ቦታ እስካሁን አልታወቀም። ሆድ ነጻ ወጥቷል፤ ስሙ ያለአግባብ በመነሳቱ ይቅርታ ተጠይቋል።